ከረጅም የተራራ ሩጫ በኋላ፦ የደከመ ሥጋና የደረቀ ጸሎት

ጥያቄ፦ «የ50 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ከጨረስኩ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። ሩጫውን በጸሎት ጀምሬ በጸሎት ነው የጨረስኩት፤ በመጨረሻው ዳገት ላይ ፈጣሪ እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም፣ እያለቀስኩ ነበር የወጣሁት። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር ጠፋ። ስጸልይ ቃሉ ከአፌ ይወጣል እንጂ ልቤ የለበትም፤ ሌሊትም እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። እስከ 4ኛው ቀን አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ስወስድ ቆይቼ በ5ኛው ቀን የእግሬ ሕመም ስለለቀቀኝ፣ ያ ስሜት እንዲመለስልኝ ብዬ በ6ኛው ቀን 12 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። እግሬ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ስሜቱም አልመጣም። ጓደኛዬ ‹ያኔ የተሰማሽ ኢንዶርፊን ነው› አለችኝ። እምነቴ ሆርሞን ብቻ ነበር ማለት ነው? ወይስ በድዬ ነው የራቀኝ? ከ5 ሳምንት በኋላ ላለው ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ልመዝገብ? በሚቀጥለው ሳምንትም የግል ጾም ልጀምር አስቤያለሁ።»

ምላሽ፦ ከእግርዎ እጀምራለሁ፤ የሰውነትዎ ሁኔታ ሳይታወቅ ስለ ጸሎትዎ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ይሆናልና። ሕመሙ በ5ኛው ቀን ስለለቀቀዎት ጡንቻዎ የዳነ መስሎዎታል፤ ገና አልዳነም። በተራራ ሩጫ ጡንቻን አብዝቶ የሚጎዳው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ዳገቱ ሳይሆን፣ ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ሲወጡ የጭንዎ የፊት ጡንቻ እያጠረ ስለሚሠራ ፈተናው በዋነኛነት የልብና የሳንባ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ያው ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ለመያዝ እየታገለ በዚያው ቅጽበት ይለጠጣል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለሰዓታት ሲደጋገም በጡንቻ ክሮች ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ መዋቅሮች ይናጋሉ፣ ከፊሎቹም ይቀደዳሉ። ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን በ24 እና በ72 ሰዓት መካከል የሚበረታው፣ ሰውነት የተጎዳውን ለማጽዳትና ለመጠገን የሚያስነሣው ብግነት ጊዜ ስለሚወስድ ነው። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ትክክል አይደለም፤ ላክቲክ አሲድ ሩጫው ካበቃ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ስለሚጸዳ፣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድን ለሚያስጨንቅ ሕመም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሕመም የሚጠፋበት ቀንና ኃይል የሚመለስበት ቀን አይገጥሙም። ሕመሙ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ የጡንቻው ኃይል ግን ጉዳቱ ከበድ ያለ ከሆነ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። በእርስዎ ላይ ደግሞ እስከ 4ኛው ቀን የወሰዱት መድኃኒት የሕመሙን ምልክት ስለሸፈነው፣ «ለቀቀኝ» ያሉበት ቀን ራሱ አስተማማኝ አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ዛሬውኑ ዝቅ ያለ አንድ ደረጃ ላይ በአንድ እግርዎ ቆመው ሌላውን እግር በጣም ቀስ ብለው ወደ ታች ያውርዱ፤ ለመደገፊያ ግድግዳ አጠገብዎ ይሁን። የቆሙበት ጉልበት ከተንቀጠቀጠ፣ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ወይም የመጨረሻዋን ስንዝር መቆጣጠር አቅቶዎት ድንገት ካረፉ፣ ጡንቻው ገና ሥራውን አልተረከበም። በጸሎት ጊዜም ይኸው ይታያል፦ ከስግደት ወይም ከመንበርከክ ሲነሡ ሳያስቡት በእጅዎ ጭንዎን የሚደግፉ ከሆነ፣ የጎደለው ይኸው የጭን ጡንቻ ኃይል ነው።

በ6ኛው ቀን እግርዎ ድንጋይ የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጡንቻ ለሥራ የሚያከማቸው ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ በረጅም ሩጫ ይሟጠጣል፤ በቂ ካርቦሃይድሬት የሚበላ ሰው በተለመደው ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይተካዋል፣ የተጎዳ ጡንቻ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በዚህ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት አለ። ከረጅም ሩጫ በኋላ ባሉት ሌሊቶች የእንቅልፍ መረበሽ የተለመደ ነው፤ ሰውነት በንቃት ሆርሞኖች ተወጥሮ ይቆያል፣ የእግር ሕመም በተገላበጡ ቁጥር ይቀሰቅሳል፣ በመንገድ ላይ የተወሰደ ካፌይንም ለመጀመሪያው ሌሊት ድርሻ አለው። ጥልቅ እንቅልፍ ለጥገናው ትልቅ ድርሻ ስላለው፣ እንቅልፍ ባጡ ቁጥር ማገገሚያው ይረዝማል። እርስዎም በዚህ መካከል 12 ኪሎ ሜትር ጨመሩበት።

አሁን ወደ ባዶነቱ። በሰውነት ውስጥ ሰፊ ብግነት ሲኖር፣ መንስኤው ኢንፌክሽንም ይሁን የጡንቻ ጉዳት፣ ወደ ደም የሚለቀቁ መልእክተኛ ኬሚካሎች አእምሮ ላይም ይሠራሉ፤ ሰው ከሰው መሸሽ ይፈልጋል፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ጣዕም ያጣበታል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ጉንፋን ይዞት ለመጸለይ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እንቅልፍ ማጣት በበኩሉ ከክፉ ስሜት ይልቅ በጎ ስሜትን ነው አስቀድሞ የሚያደበዝዘው። ለወራት ማለዳዎን፣ ምግብዎን፣ ሐሳብዎንና ልመናዎን ሳይቀር ወደ አንድ ቀን ሲያዘጋጁ ከቆዩ በኋላ ያ ቀን አልፏል፤ የሚጠበቅ ነገር ማለቁ ብቻውን ሰውን ባዶነት እንዲሰማው ያደርገዋል። ረጅም ርቀት የሚሮጡ ሰዎች፣ አማኝ ሆኑም አልሆኑ፣ ከውድድር በኋላ ባሉት ቀናት ይህን መውረድ በሰፊው ያውቁታል። ስለዚህ «ቃሉ ይወጣል እንጂ ልቤ የለበትም» ያሉት ሁኔታ በ9 ቀን ውስጥ በዚህ ሰውነት ላይ መታየቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ባይታይ ነበር የሚያስገርመው። በደልን ፍለጋ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ምክንያት በጻፉልኝ ውስጥ አላገኘሁም።

የጓደኛዎ አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሁለት በኩል ስለሚሳሳት። በመጀመሪያ ሳይንሱ ከዚያ በላይ ውስብስብ ነው። ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሕመም አቅላይ ንጥረ ነገር ነው፤ በሩጫ ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምረው ግን ከደም ወደ አእምሮ የሚገባውን የሚቆጣጠረውን አጥር በቀላሉ አያልፍም። አእምሮ የራሱን እንደሚያመነጭ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአእምሮ ምስል ጥናት ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ አሳይቷል፤ በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የኢንዶርፊንን መቀበያ በመድኃኒት ቢዘጋም ሯጮቹ ደስታው እንዳልቀረባቸው አመልክቷል፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ ተመራማሪዎች ኢንዶካናቢኖይድ ለሚባሉት፣ ሰውነት ራሱ ለሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። «ኢንዶርፊን ነው» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት እንግዲህ ሳይንሱንም በትክክል አይወክልም።

ሁለተኛው ስህተት የአመክንዮ ነው፤ ለእርስዎም ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። አንድ ስሜት በሰውነት ውስጥ መንገድ ያለው መሆኑ፣ ስሜቱ ወደ ማን እንደተዘረጋ አይወስንም። እናት ልጇን ስታጠባ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ይህን ያወቀ ሐኪም ፍቅሯ ውሸት ነው፣ ልጁም የለም ብሎ አይደመድምም። ሰው ሥጋ ለብሶ እስካለ ድረስ ሐዘኑም፣ ፍቅሩም፣ ጸሎቱም በሥጋው ውስጥ ያልፋሉ። ሆርሞን መለካት እችላለሁ፤ በዚያ ዳገት ላይ ማን እንደቀረበዎት ግን የእኔ መሣሪያ አይለካም፣ የጓደኛዎም አይለካም።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ሚዛን በሌላው ወገን ላይም ማዋል ይኖርብዎታል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ያልታየው ነገር ይህ ነው። በዳገቱ ላይ የነበረው የስሜት ብርታት ፈጣሪ ከሌሎች ቀናት ይልቅ በዚያ ቀን መቅረቡን የሚያረጋግጥ መለኪያ ካልሆነ፣ የእነዚህ ቀናት ባዶነትም መራቁን የሚያረጋግጥ ሊሆን አይችልም። እርስዎ ግን የመጀመሪያውን በሆርሞን እንዳይተረጎም እየተከላከሉ፣ ሁለተኛውን በቀጥታ እንደ ፍርድ ተቀበሉት። የደከመ ሰውነት የሚሰጠውን ስሜት የነፍስ ሁኔታ ምስክር አድርጎ መያዝ፣ በአማኝ ሯጮች ዘንድ ደጋግሜ የማገኘውና ከጡንቻ ጉዳት ይልቅ ረዘም ያለ ሥቃይ የሚያስከትል ስህተት ነው።

ነቢዩ ኤልያስን ያስቡ። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ከሆነው ታላቅ ነገር በኋላ በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ለዚህ ልመና መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ተግሣጽ ወይም ትምህርት አልነበረም። ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ፤ መንገዱ ረጅም እንደሆነም ተነገረው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በኮሬብ ዋሻ ነው። ትርጓሜውን ለመምህራን እተወዋለሁ፤ የቅደም ተከተሉን ነገር ግን በሙያዬ በሙሉ ልብ እቀበለዋለሁ፦ እንቅልፍና ምግብ ቀድመዋል፣ ከባዱ ጥያቄ ተከትሏል።

ስለዚህ ምክሬ የማያሻማ ነው። ለሌላው 50 ኪሎ ሜትር አይመዝገቡ፤ እስከ 14ኛው ቀን ድረስም ምንም ሩጫ አይሩጡ። በእነዚህ ቀናት በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ቀላል ዋና ወይም ያለ ጫና ብስክሌት መንዳት ይችላሉ፤ እነዚህ የደም ዝውውርን ስለሚያግዙ ሙሉ ቀን ከመተኛት ይሻላሉ። ከ15ኛው ቀን በኋላ ለመጀመር ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ብቻውን አይበቃም። ከላይ የገለጽኩትን የደረጃ ሙከራ ሳይንቀጠቀጡ ማለፍ፣ ለጥቂት ሌሊቶች በተከታታይ ደህና መተኛት፣ እንዲሁም ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለኩት የልብ ምት ወደ ተለመደው ቁጥርዎ መመለሱ ያስፈልጋል፤ ከተለመደው በ5 ወይም በ10 ምት ከፍ ብሎ ከቆየ ይጠብቁ። ያኔ በሜዳ ላይ፣ እያወሩ መሮጥ በሚያስችል ዝግታ፣ አንድ ቀን እያለፉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሩጡ። ረጅም ቁልቁለት እስከ 4ኛው ሳምንት መጨረሻ ይቆይ። በ5 ሳምንት ውስጥ ይህን ጨርሶ ለሌላ 50 ኪሎ ሜትር የሚያዘጋጅ ልምምድ የሚገባበት ቦታ የለም፤ አጥንትና ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ዘግይተው ስለሚጠነክሩ፣ ልብና ሳንባ «እችላለሁ» ሲሉ እነርሱ ሊሰበሩ ይችላሉ።

ስለ ምዝገባው ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለመሮጥ የፈለጉት ስሜቱን ለመመለስ ነው፤ በ6ኛው ቀን ሞክረውት አልተመለሰም። ጸሎት በድካም ጫፍ ላይ ብቻ የሚከፈት እየመሰለ ከሄደ፣ ሰውነት ርቀቱን ሲለምደው 50 አይበቃም፣ ቀጥሎም 80 አይበቃም። በዚህ መንገድ ሄደው አጥንታቸው እስኪሰነጠቅ የሮጡ ሰዎችን አክሜያለሁ፤ ሕመማቸውን መስቀል ወይም ተጋድሎ ብለው ስለሰየሙት ለመናገር ዘግይተው ነበር። ሥጋን መጎሰም በሃይማኖት ውስጥ የራሱ ሥርዓት፣ መጠንና የሚመራው መምህር አለው፤ የቆሰለን ጡንቻ ማስሮጥ ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ችግሩ ጾሙ ሳይሆን ጊዜው ነው። የሚጠገን ጡንቻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲንና በቂ ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 96 ግራም ፕሮቲን ይጠጋል፣ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢወሰድ ይመረጣል። ጾሙ የግልዎ ውሳኔ እንደመሆኑ በሦስት ሳምንት እንዲያዘገዩት እመክራለሁ። ከማኅበረ ምእመናን ጋር የሚጾሙት የታወጀ ጾም ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር፤ ያኔ ጉዳዩን ለሃይማኖት አባት ወይም መምህር አቅርቦ መመካከር ይገባል፣ ብዙ ሃይማኖቶች ለታመመና ለደከመ ሰው የሚሆን ቦታ በሥርዓታቸው ውስጥ አላቸውና። በማንኛውም ጾም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ብቻውን እንቅፋት አይደለም፤ ጥራጥሬ በበቂ መጠን ከተበላ ፕሮቲኑን ይሸፍናል። እንቅፋት የሚሆነው በአጠቃላይ ጥቂት እየበሉ ብዙ መሮጥ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የባለሙያዎች መግለጫ ይህን የኃይል ጉድለት ከአጥንት መሳሳት፣ ከወር አበባ መዛባትና ከስሜት መውረድ ጋር አያይዞታል። የወር አበባዎ ቀርቶ ከሆነ ወይም ከተዛባ፣ እንደ ትጋት ምልክት አይቁጠሩት፤ ይመርመሩ።

ስለ ሌሎቹ ማገገሚያዎች በአጭሩ። አይቡፕሮፌንና የዚህ ወገን መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ በረጅም ሩጫ ጊዜና ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ አደገኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ የተካሄደ ጥናት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የኩላሊት ጉዳት ምልክት በዝቶ አግኝቷል። ለመሮጥ ሲባል ሕመምን በመድኃኒት መሸፈን ከእንግዲህ ይቅር። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መቀመጥና ለስላሳ ማሸት ሕመምን በመጠኑ ያቀልላሉ፣ ጥገናውን ግን አያፋጥኑም። ጡንቻን መሳብና ማፍታታት ሕመሙን የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ደስ ካለዎት ያድርጉት፣ አይጨነቁበት።

ጸሎትን አያቋርጡ፤ ነገር ግን ያሳጥሩት፣ ሰዓቱንም ቋሚ ያድርጉት። ከራስ ልብ ቃል ማፍለቅ በሚያቅትበት ጊዜ የተጻፈ ጸሎት ማንበብ ማስመሰል አይደለም፤ ጸሎቶቹ ከተጻፉበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ስግደቱ ጭንዎን የሚያምዎ ከሆነ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ። የምሽቱን ጸሎት ከመኝታ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ቀደም ይበሉ፤ ባዶነቱን እየመረመሩ አልጋ ላይ መቆየት እንቅልፍዎን ከሚያባርሩት ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በዳገቱ ላይ የሆነውንም ሳይተነትኑ፣ ሳይፈርዱበት፣ ትዝታው ትኩስ እያለ በጽሑፍ ያስቀምጡት፦ የት እንደነበሩ፣ ምን እንዳሉ፣ ምን እንደሰሙ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ተኝተውና በልተው፣ ከሚያምኑት መንፈሳዊ አባት ወይም መምህር ጋር ያንብቡት። እስከዚያ ድረስ ስለ እምነትዎ ትልቅ ውሳኔ አይወስኑ፤ ስእለት አይሳሉ፣ ከማኅበርዎም አይለዩ።

የእኔ ማብራሪያ ወሰን አለው። እንቅልፍዎ ተመልሶ፣ እግርዎ ድኖ፣ ሥራውና ጨዋታው ሁሉ ጣዕሙን አግኝቶ ጸሎቱ ብቻ ደርቆ ቢቀር፣ ያኔ ጉዳዩ ከሕክምና ክፍል ወጥቷል። ማዘር ቴሬዛ ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያለ ድርቀት ውስጥ እንደነበሩ ከሞታቸው በኋላ ይፋ የሆኑ ደብዳቤዎቻቸው አሳይተዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ድሆችን ማገልገላቸውን አላቆሙም። እንዲህ ያለውን ድርቀት በሽታ ብዬ አልሰይመውም፣ መድኃኒትም አላዝለትም። በአንጻሩ ባዶነቱ ከጸሎት አልፎ ሁሉንም ነገር ካዳረሰ፣ ማለትም ምግብ ካስጠላዎት፣ ሰው ማየት ካስጠላዎት፣ ተስፋ ማጣትና ራስን የመውቀስ ሐሳብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። መሞት የመፈለግ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሕክምናም ይሂዱ።

ከአካል ምልክቶች ውስጥ እስከ ነገ የማይቆዩትን ልንገርዎ፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታዩ ቢሆኑም ለወደፊቱም ይወቋቸው። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረና የጡንቻው ሕመምና እብጠት ከበረታ፣ የተሰባበረ ጡንቻ ይዘት ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። በሩጫው ዕለት ብዙ ውኃ ለጠጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማስመለስና ግራ መጋባት የደም ሶዲየም መውረድ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ተጨማሪ ውኃ ማጠጣት ጉዳቱን ያብሳል። የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥ፣ የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር አስቸኳይ ናቸው። በአንድ ጣት ሊጠቁሙት የሚችሉት፣ ሌሊትም የማይተው የአጥንት ሕመም፣ በተለይ በብሽሽት አካባቢ ከሆነ፣ ምስል ሳይነሣ አንድ እርምጃ እንኳ አይሮጥበትም። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት የሚያስፈልግዎት ጊዜ ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ሩጫው አንድ ወር ሲሞላ የደረጃ ሙከራውን እንደገና ያድርጉ፣ ያኔም ጉልበትዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የስፖርት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት በአካል ይይዎት።